አሮጌ የእርሻ ትራክተር ጉልበት ሲያጣ፦ ፓምፑን ከመንካትዎ በፊት

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለዎት። ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይጎትተው የነበረውን ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ አሁን በሁለተኛ ማርሽም እያቃሰተ ነው የሚጎትተው፤ ዳገት ሲገጥመው ዙሩ እየወረደ ሄዶ ይጠፋል። አንዱ መካኒክ የናፍጣ ፓምፑን ብሎን ትንሽ መክፈት ይበቃል ብሎዎታል፤ ሌላው ደግሞ ተርቦ (በሞተሩ ጢስ ግፊት እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሩ የሚገፋ መሣሪያ) እንዲያስገጥሙ መክሮዎታል። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ የፈረስ ጉልበት እንደሚያስገኝ ነው የጠየቁት።

መልሴ ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም፣ ቢያንስ ለጊዜው አይደሉም የሚል ነው። የገለጹልን ትራክተር ጉልበቱ ለሥራው ያነሰ ትራክተር ሳይሆን የነበረውን ጉልበት ያጣ ትራክተር ነው። ያንኑ ማረሻ በዚያው መሬት ላይ ይጎትት ከነበረና ዛሬ ካቃተው፣ በመሐል የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ብልሽት ሳይገኝ ተጨማሪ ናፍጣ ወይም ተጨማሪ አየር ማስገባት ጉዳቱን ለጥቂት ወራት ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያስወግደውም፤ ብዙ ጊዜም ያባብሰዋል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ሞተሩ ጉልበቱን ከየት እንደሚያገኝ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የዚህ ሞተር የሲሊንደር ዲያሜትር 91.4 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ ደግሞ 127 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስቱ ሲሊንደሮች ሲደመሩ 2.5 ሊትር ይይዛሉ። ባለ አራት ምት ሞተር በመሆኑ እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 2250 ዙር ሲዞር ቢበዛ 2800 ሊትር ያህል አየር ይስባል፤ በመግቢያው ቱቦና በቫልቮቹ መጥበብ ምክንያት የሚቀረው ሲቀነስ ወደ 2400 ሊትር ይወርዳል። ይህ አየር በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ቢመዘን 2.9 ኪሎ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው የዚህ ዓይነት ሞተር ብዙ ጥቁር ጢስ ሳያወጣ ለመሥራት ለአንድ ኪሎ ናፍጣ 20 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ በዚህ ስሌት በሰዓት አንጥሮ ሊያቃጥል የሚችለው ናፍጣ 8.6 ኪሎ ወይም 10 ሊትር ያህል ነው። በደኅና ሁኔታ ላይ ያለ የዚያ ዘመን ሞተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ240 እስከ 250 ግራም ናፍጣ ስለሚፈጅ፣ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ወደ 35 ኪሎዋት፣ ማለትም 47 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ፋብሪካው ለሞተሩ ያስመዘገበው 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መቀራረባቸው በአጋጣሚ አይደለም። መሐንዲሶቹ ፓምፑን ያስተካከሉት አየሩ ሊያቃጥለው ከሚችለው ወሰን አጠገብ ነው፤ ብሎን በመክፈት የሚገኝ የተደበቀ ትርፍ ጉልበት በውስጡ የለም።

የሚሠሩት በከፍታ ቦታ ከሆነ ወሰኑ ይብሱን ይጠብባል። በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ በ18 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ በዚያው መጠን የሚቃጠለው ናፍጣም ይቀንሳል። በባሕር ወለል ልክ የተስተካከለ ፓምፕ በዚያ ከፍታ ላይ ሳይከፈትም ናፍጣ ያበዛል፤ ተገቢው እርምጃ ትንሽ መቀነሱ ነው። የፋብሪካው ቁጥር የሞተሩ እንጂ በኋላ ባለው የኃይል ማውጫ ዘንግ ላይ የሚለካው አለመሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ማራገቢያው፣ ዲናሞው፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑና ጥርሶቹ የሚወስዱት ሲቀነስ በዘንጉ ላይ የሚገኘው ወደ 38 የፈረስ ጉልበት ነው። በመለኪያ ላይ ከ38 አጠገብ ያገኘ ባለቤት ትራክተሩ ደኅና ነው።

ወደ እርስዎ ትራክተር ስንመለስ፣ በመጀመሪያ የሚለየው ያቃተው ሞተሩ ነው ወይስ ጎማው የሚለው ነው። በሥራ ላይ ሳለ የኋላ ጎማው መሬቱን እየቧጠጠ በቦታው የሚሽከረከር ከሆነና የሞተሩ ድምፅ ካልወረደ፣ ምንም ያህል ጉልበት ቢጨምሩበት ትርፉ ጎማ መጨረስ ነው። ይህ ትራክተር ያለ ተጨማሪ ክብደት 1500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በእርሻ መሬት ላይ የክብደቱን ግማሽ ያህል ከጎተተ በቂ ነው። የ750 ኪሎ ጉተታ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሰላ 14 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። በዝግታ በሚሠራ ሥራ ላይ የሞተሩ ጉልበት ሳያልቅ የጎማው መያዣ ያልቃል ማለት ነው፤ መፍትሔውም በጎማው ላይ የሚጨመር ክብደት፣ ያልተላጨ ጎማና ትክክለኛ የጎማ አየር ነው። እርስዎ ግን ዙሩ ወርዶ እንደሚጠፋ ስለ ገለጹ፣ ጎማው መሬቱን ይዞ ሞተሩ መሸነፉን እንቀበልና እንቀጥል።

ቀጥሎ ያለውን ፍተሻ ማንም ሰው ያለ ልዩ መሣሪያ ሊያደርገው ስለሚችል ከሁሉም አስቀድሜ እመክረዋለሁ። ታንኩን እስከ አፉ ሞልተው፣ ትራክተሩ በሚያቃስትበት በዚያው ሥራ ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍተው አንድ ሙሉ ሰዓት ያሠሩት፤ ከዚያም በዚያው ቦታ ላይ አቁመው ታንኩን መስፈሪያ ባለው ዕቃ መልሰው ይሙሉት። ደኅና ሞተር በሙሉ ጭነት 9 ወይም 10 ሊትር ይፈጃል፤ የእርስዎ ዙሩ ወርዶ ስለሚሠራና ጥግ ላይ ሲዞሩ ጭነቱ ስለሚቀንስ 7 ወይም 8 ቢሆን አያስደንቅም። የፈጀው 5 ሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ናፍጣው ሲሊንደሩ ውስጥ አልደረሰም ማለት ነው። 8 ሊትር ፈጅቶ ጉልበት ካልሰጠ ግን ናፍጣው ደርሷል፤ የጎደለው በሚገባ መቃጠሉ ነው፣ ወይም የተገኘው ጉልበት ከሞተሩ በኋላ በመንገድ ላይ እየባከነ ነው። ይህ አንድ ቁጥር ፍለጋውን ለሁለት ስለሚከፍለው ብዙ አላስፈላጊ መፍታትን ያስቀራል።

ናፍጣው ካልደረሰ ፍለጋው ከታንኩ ክዳን ይጀምራል። የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአፈርና በዘይት ሲደፈን ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ትራክተሩ ለግማሽ ሰዓት ደኅና ሠርቶ ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ትንሽ ቆሞ ሲነሣ ደግሞ ይሻለዋል። ክዳኑን ሲከፍቱ አየር ሲስብ ከተሰማ ምክንያቱ ተገኘ። ከዚያ ወደ ታች በታንኩ መውጫ ላይ ያለው ወንፊት፣ የመሳቢያው ፓምፕ ላስቲክ፣ የናፍጣ ፊልትሮውና አየር የሚያስገቡ የተላላ መጋጠሚያዎች በየተራ ይታያሉ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፦ የጋዝ ማንሻው እስከ መጨረሻ ሲሳብ፣ በፓምፑ ላይ ያለው ክንድ ከማቆሚያው ብሎን ጋር በእርግጥ ይነካካል ወይ? መጋጠሚያዎቹ ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ስለሚበሉ ማንሻው ሙሉ ሲሆን ክንዱ ገና መንገድ የሚቀረው ትራክተር ብዙ ነው። አንድ ሰው ማንሻውን ይዞ ሌላው ፓምፑን ቢያይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል።

ናፍጣው ደርሶ የማይቃጠል ከሆነ የጢሱ ቀለም ይመራዎታል። ጥቁር ጢስ አየር ማነሱን ወይም ናፍጣ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚቀጥል ነጭ ጢስ ደግሞ ናፍጣው ዘግይቶ መረጨቱን ወይም ሳይቃጠል መውጣቱን ያመለክታል፤ የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ ነጩ ጢስ እንፋሎትም ሊሆን ይችላል። አየር ካነሰ መጀመሪያ የሚታየው የዘይት መታጠቢያ ያለው የአየር ማጣሪያ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት ከምልክቱ በላይ ሲሞላ ወይም በአፈር ወፍሮ ጭቃ ሲሆን አየሩን ያንቃል። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ላስቲክ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ተላጥቶ ሊገኝ ስለሚችል አውጥተው በእጅዎ ይዳስሱት። ማርሚታው በጥላሸት ቢደፈንም ያው የአየር ማነስ ነው፤ ያልወጣ ጢስ ባለበት አዲስ አየር ሙሉ በሙሉ አይገባም።

ከአየሩ ቀጥሎ ያለው የሲሊንደሩ እመቃ፣ ማለትም ፒስተኑ የገባውን አየር የሚያምቅበት ጫና ነው። በናፍጣ ሞተር የእመቃ መለኪያ በኢንጀክተሩ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ በሚረጨው ዕቃ) ቀዳዳ በኩል ሦስቱንም ይለኩ፤ በመካከላቸው ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ዝቅተኛው ሲሊንደር ችግር አለበት። መለኪያ ከሌለ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ቧንቧ ነት በየተራ ጥቂት ማላላት ይቻላል፤ የአንዱ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። ይህን ሲያደርጉ የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ እጅዎንም ያርቁ። በከፍተኛ ጫና የሚረጭ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ጉዳቱ በመጀመሪያ ቀላል ቢመስልም በአስቸኳይ ወደ ሐኪም የሚያስሄድ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሲነሣ ጢስ በምት በምት የሚገፋ ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ አልቀዋል፤ በዚህ ጊዜ የሚገኘው መልስ የሞተር እድሳት ብቻ ነው። ፋሻዎቹ ደኅና ሆነው እመቃው ካነሰ ቫልቮቹንና በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ የላይኛ ክዳን) ሥር ያለውን ማኅተም፣ ጓርኒሲዮኑን ይመልከቱ። የዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተት ሲቀዘቅዝ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ሲሞቅ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክፍተቱ ጠቦ በሚገባ የማይዘጋ ቫልቭ እመቃውን ያሾልካል፣ ውሎ አድሮም ራሱ ይቃጠላል።

ኢንጀክተሮቹ ወጥተው በእጅ መሞከሪያ ላይ መታየት አለባቸው። በደኅናው ኢንጀክተር ናፍጣው እንደ ጉም ሆኖ በእኩል ይረጫል፣ ከተዘጋ በኋላም ጫፉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ጫፉ የሚያንጠባጥብ ወይም እንደ ክር የሚወረውር ከሆነ ናፍጣው ሳይቃጠል የፒስተኑን አናት ይመታዋል፣ አንዳንዴም ይበሳዋል። እዚህ ላይ በቅርብ ካልታየ የማይገኝ አንድ ጥፋት አለ። ኢንጀክተሩ ሲወጣ የመዳቡ ማኅተም ቀለበት ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጥቁር ስለሚሆን በዓይን አይለይም፤ በላዩ አዲስ ቀለበት ይገባል፣ ኢንጀክተሩም በአንድ ቀለበት ውፍረት ከቦታው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የሚረጨው ናፍጣ ሊደርስበት ከሚገባው የፒስተን ጉድጓድ ስለሚስት ሞተሩ ይጨሳል፤ ባለቤቱም ፓምፑን ይከሳል። በባትሪ መብራትና በቀጭን መንጠቆ ቀዳዳውን መርምሮ አሮጌውን ማውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የመርጫው ጊዜም መታየት አለበት። የፓምፑና የሞተሩ ምልክቶች ተገናኝተው ካልታሠሩ፣ ናፍጣው ቀድሞ ሲረጭ ሞተሩ በኃይል ያንኳኳል፤ ዘግይቶ ሲረጭ ይደክማል፣ ጢሱ ይነጣል፣ የጢሱ ሙቀትም ይጨምራል። ቴርሞስታቱ ተነቅሎ የተጣለበት ሞተርም ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ናፍጣ ያባክናል፣ ሲሊንደሩንም ያለ ጊዜው ይበላል፤ በአዲስ ይተኩት።

ሞተሩ ደኅና ሆኖ ጉልበቱ በመንገድ ላይ የሚባክንበትም ጊዜ አለ። ዙሩ ሳይወርድ ትራክተሩ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ያለ ፍሬን ጥቂት ነድተው ቆመው እጅዎን ወደ ፍሬኑ ከበሮ ሲያስጠጉ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም። ማንሻው ሳይነካ ሃይድሮሊኩ ያለማቋረጥ የሚያፏጭ ከሆነም ፓምፑ በከንቱ በሙሉ ጫና እየሠራ ከሞተሩ ይወስዳል።

አሁን ስለ ናፍጣ ፓምፑ ልናገር። በዚህ ሞተር ላይ ያለው ተሽከርካሪው የካቭ ዲፒኤ ፓምፕ በውጭ የሚታዩ ሁለት ብሎኖች አሉት፤ አንዱ ሚኒሞውን፣ ሌላው ከፍተኛውን ዙር ይወስናሉ። በሽቦና በእርሳስ ታሽጎ የሚመጣውና «ክፈተው» የሚባለው ሁለተኛው ነው። ይህ ብሎን በአንድ ምት የሚረጨውን ናፍጣ አይጨምርም፤ ሞተሩ ያለ ልክ እንዲፈጥን ብቻ ይፈቅዳል። ባለቤቱ ጋዝ ሲሰጥ ድምፁ ከፍ ስለሚል ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል፤ ማረሻው መሬት ሲገባ ግን ዙሩ ቀድሞ ወደሚወርድበት ይወርዳል። ጉዳቱ ከባድ ነው፤ 2250 የነበረው ዙር 2600 ሲሆን ፒስተኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚወረውረው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ያን ሁሉ የሚሸከሙት ያረጁት ቢዬላዎች (የፒስተን ክንዶች) እና ኩሽኔታዎች ናቸው። የናፍጣው መጠን የሚስተካከለው በፓምፑ ውስጥ፣ በጎኑ ያለው መመልከቻ ክዳን ከተነሣ በኋላ በሚገኝ ሰሌዳ ሲሆን፣ ይህም በመሞከሪያ ማሽን ላይ እየተለካ ብቻ ነው የሚሠራው። ፓምፑ ካረጀ ለፓምፕ ባለሙያ ይስጡት፤ «ጨምርልኝ» ሳይሆን ለዚህ ሞተር በተጻፈው ልክ፣ በከፍታ ቦታ ከሆነም ከፍታውን ነግረው፣ እንዲያስተካክልልዎ ይጠይቁት።

ተርቦ ከፓምፑ ብሎን የተሻለ ሐሳብ መሆኑን አልክድም፤ ምክንያቱም የሚጨምረው የጎደለውን ነገር፣ አየሩን ነው። በተለይ በከፍታ ላይ ለሚሠራ ሞተር የሳሳውን አየር ይመልስለታል። ሆኖም ከቁጥሩ ጋር ሊታይ ይገባል። ተርቦው የአየሩን ጫና በግማሽ ሲጨምር አየሩን በ50 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ስለሚሳሳ፣ ማቀዝቀዣ ከሌለ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር በክብደት የሚጨምረው ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ያንን ሩብ ለማግኘት ፒስተኖቹ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የቴስታታው ብሎኖችና ማቀዝቀዣው ከታሰቡበት በላይ ይሸከማሉ። ተርቦው ንጹሕ ዘይት የሚያመጣና ያለ እንቅፋት የሚመልስ መሥመር ይፈልጋል፤ የጢሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያም አብሮ መገጠም አለበት፤ በረጅም ሥራ ላይ ከ650 ዲግሪ ሲያልፍ ጋዙ ይቀነሳል። በዚህ ትራክተር ላይ ሞተሩና የማርሽ ሳጥኑ ራሳቸው የትራክተሩ አካል እንጂ በሻሲ ላይ የተቀመጡ አይደሉም፤ የሚጨመረው ጉልበት ሁሉ በዚያው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በታሰበው ፍሪሲዮንና ጥርስ በኩል ያልፋል። እመቃው ተለክቶ ደኅና ያልሆነ ሞተር ላይ ተርቦ መግጠምን በፍጹም አልመክርም።

ሲሊንደር ማስፋት ብዙ አያስገኝም፤ ዲያሜትሩ በ1 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ የሚጨምረው ይዘት 2.2 በመቶ ብቻ ነው፤ ይህ ሞተር በካሚቻ (ወጥቶ በሚተካ የሲሊንደር ቱቦ) የሚሠራ ስለሆነም ወጉ መለወጥ እንጂ ማስፋት አይደለም። ስለ ቤንዚንና ስለ ላምባ ትራክተሮች ለሚያነቡ፣ ጉዳዩ እዚያ ይለያል። ለላምባ የተሠሩት ሞተሮች እመቃቸው ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ስለ ነበር፣ በቤንዚን ለሚሠራ ሰው እመቃውን በፒስተን ወይም በቴስታታ ከፍ ማድረግ እውነተኛ ጭማሪ ያመጣል። ናፍጣ ሞተር ግን ቀድሞውኑ ከፍተኛ እመቃ ስላለው ይህ መንገድ አይሠራለትም።

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ ያ የአንድ ሰዓት የናፍጣ ልኬት ሲደገም ፍጆታው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ትራክተሩም እንደ ቀድሞው በሦስተኛ ማርሽ ሳያቃስት መሳብ አለበት። አሁንም ዳገቱ ላይ የሚደክም ከሆነ ማረሻውን ራሱን ይመልከቱ። ጉተታው ከጥልቀቱና ከስፋቱ ጋር ስለሚያድግ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ይታረስ የነበረው ወደ 15 ሲቀነስ የሚፈለገው ጉተታ በሩብ ገደማ ይወርዳል፤ የዲስኮቹ ጫፍ ከደነዘና ኩሽኔታቸው ከጠነከረ ደግሞ ያለ ምንም ጥቅም ይጨምራል። ዲስኮቹን አስለው፣ በእጅ ሲገፉ በነፃ እንዲዞሩ አድርገው፣ ዳገቱን በአግድም እንጂ በቀጥታ ወደ ላይ ሳያርሱ ይሞክሩት፤ ቁልቁለቱ ለአግድም ነጂ አስጊ ከሆነ ግን ወደ ታች ብቻ አርሰው ማረሻውን አንሥተው ይመለሱ።